አምፕሊፋየሩ ውስጥ የገባችው ጀልባ

ባሌ ቶኩጂ ዕድሜውን የጨረሰው መርከብ ሲበይድ ነው። ኦኖሚቺ ወደብ ካለው የመርከብ መሥሪያ በጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ሥራ አያውቅም። ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ የብየዳ ወሬ ከተነሣ ግን ማቆሚያ የለውም። «የሰው ጠባይ ማወቅ ከፈለግሽ ፊቱን አትዪ፤ ብየዳውን እዪ» ይለኛል። «እኔን ስታገባ ታዲያ ምኔን አይተህ ነው?» ስለው፣ «አንቺን ያየችሽ እናቴ ናት፤ እኔ መቼ ተጠየቅሁ» ብሎ ሻዩን ይጠጣል።

አንድ ልጅ አለን። ሹንፔይ ይባላል፤ ፎቅ ላይ ነው። ሰው «ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ፎቅ ላይ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ኦሳካ አንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ነበር። ምን እንዳደረጉት አላውቅም። አንድ ጠዋት አንዲት ቦርሳ ይዞ ከባቡር ወረደ፤ «ደክሞኛል» አለኝ፤ ደረጃውን ወጣ፤ በሩን ዘጋ። እኔም ይተኛ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዋልኩ። ይኸው እንደተኛ ፀጉሩ ሳይሸብት አልቀረም።

በመጀመሪያ ለመንነው። ቀጥሎ ጮህንበት። ቶኩጂ አንዴ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሊሰብረው ሲል እግሩ ላይ ወድቄ አስቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ዝም አልን፤ ዝምታው አሥር ዓመት አለፈው። ትሪውን በሩ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ባዶውን እወስዳለሁ። በጨው የዋለችውን ጎምዛዛ የፕለም ፍሬ ሳይነካት ከመለሳት አሞታል ማለት ነው፤ ሾርባውን አንጠፍጥፎ ከጠጣው ደህና ነው። የሚታጠበው እኛ ገበያ ስንወጣ ነው። እርጥብ ፎጣ ሳገኝ፣ ልጄ በሕይወት አለ ብዬ ፎጣውን እስመዋለሁ። እብድ በሉኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚናገር ግን የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እኔ ጋ ሲደርሱ ስለ አየሩ ነው የሚያወሩት።

ታዲያ እኔ ሰባ አልፎኛል፤ የቶኩጂም ልብ በመድኃኒት ነው የምትመታው። እኛ ስንሞት ትሪውን ማን ያስቀምጥለታል? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የምተኛው፤ ይዤው ነው የምነሣው። አንድ ቀን ሩዝ እያጠብኩ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩት። ቶኩጂ ጋዜጣውን አጠፈ። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ፣ «አምፕ እሠራለሁ» አለ።

«ምን?»

«አምፕሊፋየር፤ ድምፅ ማጉያ። በቫልቭ የሚሠራውን፤ እንደ አምፑል የሚበራውን።»

የነገረኝ ነገር ለካ ሥር ነበረው። ሹንፔይ ልጅ ሳለ ሁለቱ ቁጭ ብለው አንዲት ትንሽ አምፕ በይደው ነበር። ልጁ ጓንቲው ከእጁ እየተለቀበት ብየዳ ያወቀው ያኔ ነው። ቼሎ የሚባለውን የትልቅ ቫዮሊን ሸክላ አስቀምጠው፣ ልጄ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ፣ «አባዬ፣ ክሩ እንጨቱን ሲነካው ይሰማል!» እያለ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። «ለሩዝ ያልወረደ ልጅ» አለ ቶኩጂ፣ «ለዚያ ድምፅ ይወርድ ይሆናል። ግን ጥሩ መሆን አለበት። እንከን ካለው አይወርድም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ሠራው። የእንግዳ ክፍላችን የሣር ምንጣፍ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦ ሠራው። ጣቱን ያላቃጠለበት ቀን የለም። ቫልቮቹንና ትራንስፎርመሩን ሂሮሺማ ሄዶ ገዛ። ሌላውን ከብስኩት ቆርቆሮው አወጣ። ይህ ቆርቆሮ የቤታችን ታቦት ነው ብል አልተሳሳትኩም። አባቱ ሲሞቱ ትልቁን የእንጨት ራዲዮአቸውን ፈቶ፣ ብሎኑን ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው ያጠራቀመው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ የሱሞ ትግል የሚያዳምጥበት ራዲዮ ነበር፤ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ደህና ዕቃ መጣል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የሙት አባት ዕቃ መጣልማ ከነውርም ነውር ነው።

ጨርሶ ያበራው ዕለት ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ቼሎው ሊጀምር ነው ብዬ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ «እምምምም» አለ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ድሮ በደሴቶቹ መካከል መንደሪን ጭነው የሚመላለሱት ጀልባዎች ሞተር ድምፅ ነው። መስኮቱ አብሮ ይንዘፈዘፋል። ቼሎው መጣ፤ ግን ጀልባ ላይ ተቀምጦ እንደሚጫወት ሰው ይወዛወዛል።

«ጀልባ ገብታበታለች» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።»

ከዚያ በኋላ መከራ ሆነ። ቶኩጂ በየዕለቱ ይፈታል፤ ይገጥማል። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን አዙሮ ከቫልቮቹ አራቀው፤ ንቡ ትንሽ ቀነሰ። ቫልቮቹን የሚያግሉትን ሽቦዎች እንደ ልጃገረድ ሹሩባ ገመዳቸው፤ አሁንም ቀነሰ። በየቦታው ወደ አምፑ ቆርቆሮ አካል የሚወርዱትን የመሬት ሽቦዎች ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ አሰራቸው። በመጨረሻ ስፒናውን ነቅሎ ገልብጦ ሰካው። የእኛ ስፒና ሁለት እግር ብቻ ነው፣ በፈለጉት በኩል ይገባል፤ በአንዱ በኩል የሚያንጎራጉረው በሌላው ዝም ይላል። ንቡ ጭራሽ ጠፋ። ቶኩጂ በደስታ እኔን ሊያቅፈኝ ተነሥቶ አፍሮ ተቀመጠ።

ጀልባዋ ግን አለች። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሲዘጋው እንኳ አለች። ሸክላ ማጫወቻውን ነቅሎ ከክፍሉ ቢያወጣውም አለች። ቫልቮቹን በሙሉ ለወጠ። ሽቦ ቀጠለ፤ ሽቦ አሳጠረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ሂራታኒ መንደሪን ይዘው መጡ።

«እትዬ ሱዙኤ፣ ባለቤትዎ እንዴት ያለ ጤና ነው የሰጣቸው! በዚህ ዕድሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ!» አሉኝ በፈገግታ። «እኔማ ሳህኖቼ መደርደሪያው ላይ ሲጨፍሩ፣ አቶ ቶኩጂ ደህና ናቸው ማለት ነው እላለሁ።»

ስድቡን ተቀብዬ፣ ለመንደሪኑ አመስግኜ፣ አጎንብሼ ሸኘኋቸው። ከዚያ ገብቼ ባሌ ላይ ወረድኩበት። «የሰው ሳህን አስጨፈርክ! ልጁ ሊወርድ ነው ያልከው? ይኼንን እየሰማ? ጭራሽ መስኮት ሰብሮ በዚያ በኩል ይጠፋል እንጂ!»

አምፑን በሁለት እጁ አቅፎ አነሣው፤ እንደ ሬሳ ሳጥን ከባድ ነው። ወደ ባሕሩ ወደሚያወርደው ቁልቁለት ይዞት ሊወጣ በሩ ላይ ደረሰ። ጫማ ማውለቂያው ጋ ዝርግ ብሎ ተቀመጠ፤ አምፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቱ ስትቀበር እንኳ አላለቀሰም። «ሱዙኤ፣ አቃተኝ» አለኝ። «ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። ይኼ ነበር የቀረኝ። አለቀ።» በስሜ የጠራኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አጠገቡ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሲወጣልን አምፑን ተጋግዘን መልሰን ቦታው አስቀመጥነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስፒናውን ሰክቶ አበራው። ምንም ሳይነካ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ጀልባዋ ስትመታ ዝም ብሎ ያዳምጥ ጀመር። የተሸነፈ ሰው ማለት ያ ነው።

ያኔ ነው ድምፅ የሰማነው። ከላይ፣ ከበሩ ውስጥ፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ የተንቋቋ፣ የማላውቀው የትልቅ ሰው ድምፅ።

«አባዬ።»

ቶኩጂ ጀርባውን ከግድግዳው አላቀቀ።

«አባዬ፣ የመጀመሪያው ቫልቭ ጋ ያለው ካፓሲተር ነው። የአያቴን ራዲዮ ዕቃ ነው አይደል የገጠምክበት? ደርቋል እኮ። ከሱ ወዲያ ያለው ሁሉ በመብራቱ መስመር እየተጠላለፈ ነው የሚመታው።» ቀጥሎም፣ «ከመንካትህ በፊት ቻርጁን አፍስሰው፤ እንዳይነዝርህ» አለ።

እኔ አፌን በሽርጤ አፍኜ ነበር። ቶኩጂ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ፣ «እሺ» ብቻ አለ። ለልጁ ድምፅ የሚገባ መልስ ያ ብቻ ይሁን? ኋላ ስንት ቀን ተናደድኩበት! ግን እኔስ ምን አልኩ? ምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፓሲተር የምትባለው አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ጣሳ ናት፤ መብራቱን አርግታ ለቫልቩ የምታቀብል። ቶኩጂ ሁሉን ሲጠረጥር እሷን አልጠረጠረም፤ ያባቱ ናታ፤ ተበላሽቶ ከማያውቅ ራዲዮ የወጣች። በውስጧ ያለው እርጥበት ከዘመን ብዛት ጠፍቶ ኖሯል። ከሁሉ የሚያቃጥለው ደግሞ ልክ እሷን የምትተካ አዲስ ካፓሲተር መሳቢያው ውስጥ ከነላስቲኳ ተቀምጣ መገኘቷ ነው። ለክፉ ቀን ብሎ አስቀምጧት! አዲሱን ሰፍቶ አስቀምጦ አሮጌውን መልበስ የእኛ ሰው በሽታ ነው። የእንግዳ ፎጣችን እንኳ እንግዳ ሳያይ ነው ያረጀው።

በማግስቱ ለወጣት። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። አበራው።

ምንም። ንብ የለም፣ ጀልባ የለም። ማብራቱን እስክጠራጠር ድረስ ጸጥ አለ። ሸክላውን አስቀመጠ፤ ቼሎው ከክፍሉ መካከል ተነሣ። እውነቴን ነው፣ ክሩ እንጨቱን ሲነካው ይሰማል። እኔ ሙዚቃ የማላውቀው ሴት ፀጉሬ ቆመ። የትሪውን ምግብ የዚያን ዕለት በሩ ሥር አላስቀመጥኩም፤ ከደረጃው ግርጌ ከመቀመጫ ትራስ ጋር አኖርኩት። ለሦስታችን ሦስት ሳህን አድርጌ። ቶኩጂ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሸክላው አለቀ፤ ገለበጠው፤ አለቀ።

ደረጃው አልተንቋቋም።

ሩዙ በረደ። ትሪውን ይዤ ወጣሁና በሩ ሥር አስቀመጥኩት። «ሹንፔይ፣ አባትህ አስተካከለው፤ አንተ እንዳልከው ነው» አልኩ ለእንጨቱ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ቼሎው ያ ሁሉ ውበቱን ያፈሳል፤ ፎቁ ዝም ይላል። እንከን የለውማ! ምን ብሎ ይናገር? የሚናገርበትን አንድ ነገር አግኝቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ በጥንቃቄ ነቅለን ጣልንበት። ቶኩጂ ማታ ማታ መድኃኒቱን መዋጥ እየተወ መሆኑን ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። «አትርሳ» ስለው፣ «ምን ያደርግልኛል» ይላል። ድሮ ተስፋ ሳይኖረን ዝምታውን ለምደነው ነበር። ድምፁን ከሰማን በኋላ ግን ሊገድለን ደረሰ።

አንድ ጠዋት ተነሥቼ የብስኩቱን ቆርቆሮ አወረድኩ። እንዳሰብኩት ናት፤ የደረቀችዋን ካፓሲተር አልጣላትም፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ አስቀምጧታል። ሕይወቴን ሙሉ ይህ ሰው ምንም አይጥልም ብዬ ስረግመው ኖሬያለሁ። ያን ዕለት መረቅኩት። አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኳት።

«መልሳት።»

«ምን?»

«መልሰህ ግጠማት።»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? የሞተች ናት እኮ። ያ ሁሉ ልፋት—»

«አብጃለሁ። ያ የሚያምር ድምፅህ ልጄን አፉን አስዘጋብኝ። እኔ የምፈልገው ያችን ጀልባ ነው። መልሳት አልኩህ!»

አየኝ። ከዚያ መነጽሩን በመነጽር ላይ ደረበና ቻርጁን አፍስሶ መበየጃውን አጋለ። እንዴት እንደበየዳት አይቻለሁ፤ አንዱን እጁን በሌላው እጁ ይዞ ነው። የብየዳ ሽቦው አንዴ ከቦታው ያልፋል፣ አንዴ ሳይደርስ ይቀልጣል። መርከብ ይበይድ የነበረ ሰው ነው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

አበራው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። መስኮቱ ተንዘፈዘፈ። የወይዘሮ ሂራታኒ ሳህኖች ጨፈሩ ይሆናል፤ ይጨፍሩ! ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ጣሪያውን ስናይ፣ ላየን ሰው የሚያፈስ ጣሪያ የምንጠብቅ ነው የምንመስለው። ሻዩ በረደ። ቶኩጂ «አይሆንም፤ ላጥፋው» ብሎ እጁን ሲሰድ፣ ከላይ ወለሉ ተረገጠ።

«አባዬ! ደግሞ እንደገና ያችው ናት እኮ! ለውጣት አላልኩህም?»

ባሌ ውሸት አያውቅም። በዚያች ቅጽበት ግን እንደ አሮጌ ሌባ ዋሸ። «የቷ ናት?» ብሎ ጮኸ። «አልታይ አለችኝ እኮ! ዓይኔ ደክሟል!»

«ከመጀመሪያው ቫልቭ በስተግራ!»

«በስተግራ ሁለት አሉ!»

«አባዬ ደግሞ! ሁለት የሉም!»

«አልታየኝም ነው የምልህ!»

ጀልባዋ ትመታለች። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ቀጥሎ ደረጃው ተንቋቋ፤ እግሩን ለማስቀመጥ የሚጠነቀቅ ከባድ ሰው ነው የሚወርደው። እኔ አንገቴን ቀና ማድረግ አልደፈርኩም፤ እንዳይበርብኝ የፈራሁት ወፍ ይመስል። መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው፤ ነጭ፣ ያበጠ፣ የማላውቀው የጎልማሳ እግር። ከዚያ ጢሙን። ሽበት አለበት። ልጄ ሽበት አለበት።

ማንንም አላየም። አምፑን አጠፋ፤ ስፒናውን ነቀለ፤ ቻርጁን አፈሰሰ። ገልብጦ ውስጡን አጎንብሶ አየ። ያች የአያቱ ካፓሲተር እግሮቿ ላይ ያለው ብየዳ ገና ትኩስ ነበር፤ ያብለጨልጫል። ከጎኗ ደግሞ የተነቀለችው አዲሷ ጋዜጣው ላይ ተኝታለች። ምን እንዳደረግን ሁሉ እዚያ ተጽፎለታል። አሁን ይናደዳል፣ አሁን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ለዘላለም ይዘጋዋል ብዬ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩ።

ሹንፔይ በጣቱ ብየዳውን ነካ። የተንጠባጠበውን፣ የተሳተውን፣ ጉብ ጉብ ያለውን ብየዳ።

«አባዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እጅህ መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

ቶኩጂ እጆቹን ጭኑ ሥር ደበቃቸው። እኔ ግን አፌን ይዤ መኖር የማልችል ሴት ነኝ።

«አንተ ፎቅ ላይ ሳለህ» አልኩት።

ልጄ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሳያየን እጁን ወደ አባቱ ዘረጋ፤ ቶኩጂም መበየጃውን አቀበለው።